ለዓለምነሽ ልጅ ክርስትና እናት ፍለጋ

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.፣ ወልድያ። ከቅዳሴ በኋላ

በታላቅ ኀዘን ይገለጻል፦ የደብራችን ድምፅ ማጉያ ዛሬ ማለዳ በቅዳሴ መካከል ዐርፏል። ከማረፉ በፊት ሁለት ጊዜ ሳል፣ አንድ ጊዜ ፉጨት አሰምቷል። በሕይወት ሳለ ጩኸቱን ሲያሙ የኖሩ ምእመናን ሁሉ ከንፈር መጠዋል። ቀሪውን ቅዳሴ በገዛ ጉሮሮዬ ጨረስኩ። ከአጥሩ ማዶ የመናኸሪያው ረዳቶች “ደሴ! ደሴ! ደሴ!”፣ ከአጥሩ ወዲህ እኔ “እግዚኦ ተሣሃለነ”። ማን እንዳሸነፈ አልጽፍም።

ደብተሬ ሆይ፣ ሌላም ነገር አለ። ቅጽሩ በር ላይ ዓለምነሽ ቆማ ጠበቀችኝ። የንስሐ ልጄ ናት፤ መናኸሪያው አፍ ላይ ሻይና ፓስቲ የምትሸጠው። ያቀፈቻት ሴት ልጅ ኅዳር ፯፣ እሑድ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ክርስትና መነሣት አለባት። ክርስትና እናት የላትም። ዓለምነሽ የጠየቀቻቸው ሁሉ ዛሬ ነገ እያሉ ሸኝተዋታል። እኔ እፈልግልሻለሁ አልኳት። ምን ነክቶኝ ነው? ባለቤቴ እንዳትሆን አጥማቂው እኔ ነኝ፤ ባል ከውኃው ሲያወጣ ሚስት ስትቀበል በደብራችን አልተለመደም።

የጉዳዩ አጭር መግለጫ። እናት፦ ዓለምነሽ። ልጅ፦ ጤነኛ፣ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልጋት። አባት፦ አልተገኘም።

እንዲህ ተብሎ ይያዝልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፬። ከሰዓት

አራት ቤት ገባሁ። በአራቱም ተበላ፣ ተጠጣ። በአንዱም እንቢ አልተባልኩም። እዚህ አገር ቄስ እንቢ አይባልም፤ እየጎረሰ ይሸኛል።

ወ/ሮ አስካለ በደስታ ትሆን ነበር። ችግሩ፣ ወንድ ልጅ አላት። በእኛ ደንብ አበልጅና አበልጅ ቤት ለቤት አይጋባም። “አይታወቅም እኮ አባ፣ ነገ ልጆቹ ቢዋደዱስ? ምነው በገዛ እጄ መንገድ ልዝጋባቸው?” አለችኝ። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ይጎረጉር ነበር። እጮኛውን ባርኬ ወጣሁ።

ሁለተኛዋም ያው። ሦስተኛዋም ያው፤ የሷ ልጅ ጅዳ ነው ያለው፣ ጎልማሳ ነው፣ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አራተኛዋ እማማ ይታገሱ ናቸው። የወለዱት ሴት ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውም ስድሳን ዘሏል። እዚህስ ተሳካልኝ ብዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። አንገታቸውን ደፍተው፣ እግዜር የሚሳነው የለም፣ ወንድ ልጅ ይሰጠኝ ይሆናል አሉኝ።

ማስታወሻ፦ ትናንት የሚያቅፋት ያጣች ሕፃን ዛሬ አራት እጮኛ አላት። አንዱ ገና አልተፀነሰም።

እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቷ ካልታወቀ ልጅ እናት ጋር አበልጅ መባልን ፈርተው ነው። የሚሉት ግን ሌላ ነው። እኔም የሚሉትን ሰምቼ እመለሳለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፳፮

የሰበካ ጉባኤ ግምገማ። አጀንዳ አንድ፣ የድምፅ ማጉያው አሟሟት። ምርመራው ፈጣን ነበር። ሊቀ መንበራችን አቶ ምስጋናው፣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ በቅዳሴ መሐል ሶኬቱን ነቅሎ ሞባይሉን ቻርጅ ሲያደርግ ኖሯል። ሶኬቱ ተመለሰ። ሟች ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ሂስ አልቀረበበትም።

አጀንዳ ሁለት፣ እኔ። መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ያዘወትራሉ ተባልኩ። ከዚያች ሴት ጋር። አባቷ ላልታወቀ ልጅ ቤት ለቤት ይለምናሉ ተባልኩ። ግለ ሂስ ተጠየቅሁ። ሻይ የጾም መጠጥ መሆኑን ገለጽኩ። አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም።

አንዳንዴ መተንፈሻ አጣለሁ፣ ደብተሬ። ቤቴ ከመናኸሪያው ግድግዳ ተጣብቋል፤ ሌሊቱን ሞተር፣ ቀኑን ሰው። ከቤቴ እስከ ደብሩ አንድ እርምጃ ነው፤ ግን በመንገዱ ሁሉ ሰው ያስቆመኛል። መስቀል ይሳለማል፣ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ቀልሎት ይሄዳል። እኔ ይዤው እገባለሁ። የሠፈሩ መጋዘን ሆኛለሁ፤ ማስገባት ይቻላል፣ ማውጣት አይቻልም። “አልተገኘም” ስላልኩት ሰውም መጋዘኑ ውስጥ አንድ ዕቃ አለ። የገባው በንስሐ፣ በመስቀል ሥር ነው። ስለዚህ አላውቀውም።

ስመለስ ዘሐራ ጠራችኝ። ከዓለምነሽ አጠገብ ከግራና የሚመጣ ፓፓያና ብርቱካን የምትሸጠው ናት፤ ዓለምነሽ ስታርስ ያገላበጠቻት እሷ ናት።

“መምሬ፣ ወላሂ እኔ እቀበላት ነበር! እኔ ወንድ ልጆቼን አልሰስትም።”

“አንቺ እስላም ነሽ እኮ፣ ዘሐራ።”

“እሱንማ አውቃለሁ። እነሱስ ምንድን ናቸው?”

ፓፓያውን አስይዛኝ ሄደች። ፓፓያው ጣፋጭ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳፯። መድኃኔዓለም

ዛሬ ስብከት የኔ ነበር። ማጉያው ከሞት ተነሥቶ ጉልበቱ እጥፍ ሆኗል። እንዲህ ስል አወጅኩ፦ የዓለምነሽን ልጅ ለወንድ ልጆቻችሁ ያጫችሁ እናቶች እጅግ ስለበዛችሁ፣ ኋላ ሽሚያ እንዳይነሣ፣ በመጪው እሑድ ስማችሁን በዚሁ ማጉያ አነባለሁ። እጮኝነቱ ይቅርብኝ የምትል ክርስትና እናት ሆና ስሟን ታሰርዝ።

ከአጥሩ ማዶ ረዳቶቹ ደሴን መጥራት አቁመው ሲስቁ ተሰማኝ። ወ/ሮ አስካለ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ኃጢአት ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ገና ከመውረዴ ወ/ሮ ጥሩዬ ቀጥ ብላ መጣች። የሊቀ መንበሩ የአቶ ምስጋናው ሚስት። መስቀሉን ተሳለመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“አፈርኩ፣ አባ። በራሴ አፈርኩ። እኔ እቀበላታለሁ።”

ሴቶቹ እልል አሉ። ዓለምነሽ ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ ሁሉ ሴት መሐል እሷ! ወ/ሮ ጥሩዬ አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ሰለሞን፣ የወልድያና የደሴ መስመር ሚኒባስ ሹፌር። ዓለምነሽና ጥሩዬ አበልጅ ከሆኑ፣ ሰለሞን ዓለምነሽን ለማግባት ቢፈልግ እንኳ በሩ ለዘላለም ተዘጋ። ይህ ደንብ ነው፤ ደንብ ምስጢር ስላልሆነ ይጻፋል። ከዚህ አልፌ የጻፍኩት ነገር የለም። ደብተሬ ሆይ፣ አንተም የተረዳኸው ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፱

ባለቤቴ ግራ ገብቷታል። ሲጠፋ ታለቅሳለህ፣ ሲገኝ ታለቅሳለህ ትላለች። ሆዴን ነው አልኳት። ዳማከሴ አጠጣችኝ። ሁለት ጊዜ።

ወ/ሮ ጥሩዬ ዘንድ ሄድኩ፣ ሐሳቧን ላስቀይር። ክርስትና እናትነት ከባድ ቀንበር ነው አልኩ። ትከሻዬ ሰፊ ነው አለች። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ራሴ በማጉያ የተሳለቅኩበትን ሰበብ ከመሬት አንሥቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ በገዛ አፌ አቀረብኩት፦

“አንቺም እኮ ወንድ ልጅ አለሽ፣ ጥሩዬ። መንገድ እንዳትዘጊበት።”

ሳቀች። እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች ሳቀች።

“ለሰለሞን? ከሻይ ሻጭ ቤት? ኧረ አባ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል! እሱንስ መርሳ ላይ ከደህና ቤት እያየሁለት ነው።”

ከዚያ ቁም ሣጥኗን ከፍታ የገዛችውን አሳየችኝ። ነጭ ቀሚስ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ። ቀሚሷን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገቻት። ከሰለሞን ወዲህ ሕፃን ታቅፌ አላውቅም አለች። ክፉ ሴት ብትሆን ምን ነበረበት! ክፉ ሴት እንቢ ትባላለች።

እሑድ፣ ጥቅምት ፴

የእጮኞቹን እናቶች ስም አላነበብኩም። ክርስትና እናት ተገኝታ የለ! ምእመናን ቅር አላቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ዓለምነሽ ብቻዋን መጣች። ማንንም ጎትቼ እንዳላመጣ አስጠነቀቀችኝ፤ ተጎትቶ የሚመጣ አባት አልፈልግም አለች። አበልጅነቱ ምን እንደሚዘጋባት ታውቃለች፤ ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ሻሿን አስተካከለች።

“ይሁን፣ አባ። ልጄ በፊት ለፊቱ በር ካልገባችላቸው፣ በጓሮም ቢሆን ትግባላቸው።”

ይህን ብላ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ተመለሰች። ደንበኛ እየጠበቃት ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፪። መርሳ ደርሼ ስመለስ

ወሬው ከዘሐራ ነው። የጥሩዬ ልጅ ከመስከረም ወዲህ መናኸሪያ ገብቶ አያውቅም፤ ተሳፋሪውን ከከተማው ጫፍ አራግፎ ይመለሳል። ለምን ሲሉት የመኪና ችግር ይላል። አሁን እውነትም ተበላሽቶ መርሳ ጋራዥ ገብቷል። ዘሐራ ይህን ስትነግረኝ ብርቱካኗን እንጂ እኔን አላየችኝም። ምን ያህል ታውቅ ይሆን? አልጠየቅኋትም። መጋዘኑ ሞልቷል።

ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር፣ ግራ ቀኝ የሽንኩርት ጆንያ። መርሳ። ጋራዡን አገኘሁ። ከመኪና ሥር ሁለት እግር።

“ሰለሞን።”

እግሮቹ ደነገጡ።

“እናትህ ደህና ናት። እሑድ የዓለምነሽን ልጅ ክርስትና ልታነሣ ነው።”

መፍቻ ሲወድቅ ሰማሁ። ዘይት ጠብ፣ ጠብ።

“እና እኔ ምን አገባኝ፣ አባ?”

“ምንም። ከእሑድ በኋላማ ጨርሶ አያገባህም።”

ቆሜ ጠበቅሁት። አልወጣም። ልሄድ ስል ከሥር ድምፁ መጣ፣ ቀጥኖ፦

“ማንን ትመስላለች?”

“ስታለቅስ ጥሩዬን።”

ስመለስ ጆንያው የባሰ ጠቦኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፮

ሰለሞን አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው፤ የምትመልስልኝ ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም የምትለዋ ሴት ናት። ከሠፈሩ ሁሉ እውነት የምትናገር እሷ ብቻ ሆነች።

ወ/ሮ ጥሩዬ ሁለት በግ ገዝታለች፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለነዘሐራ፣ ባራኪው ተጠርቷል፣ ቢላውም ለየብቻ ተስሏል። አቶ ምስጋናው ድንኳን ሊያስጥል ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል። ግድግዳው ከአራቱም ጎን እየተጠጋኝ ነው።

ምን ማድረግ እችላለሁ? ቀኑን ላራዝም? ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ልታመም? ባለቤቴ ማስመሰል አትችልም አለች፤ ዳማከሴውም አልቋል። ልናገር? ይህማ አይነሣም። አፌ የኔ አይደለም።

ተወስኗል። ማንም ባይመጣ አጠምቃታለሁ። ልጂቱ ምን አጠፋች። ጌታ ሆይ፣ አንተ እንኳ በዚህ ጉዳይ ትንሽ…

እሑድ፣ ኅዳር ፯። ከሁሉ በኋላ

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ብርድ። ጸሎቱን አደረስኩ፣ ውኃውን ባረክሁ። ያለወትሮዬ ቀስ ብዬ፤ ዲያቆኑ አንቀላፋ። አጠመቅኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጮኸች። ወ/ሮ ጥሩዬ ነጩን ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ ቀረበች።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የሚኒባስ ጥሩምባ። ረጅም። ከዚያ ሰለሞን፤ ጫማውን አንዱን አውልቆ አንዱን ረስቶ፣ የጋራዥ ግራሶ እስከ ክርኑ ተቀብቶ።

“እማዬ፣ እጅሽን መልሺ። አትቀበያት። አያቷ ነሽ።”

ማይኩ አጠገቤ ነበር። አቶ ምስጋናው ሶኬቱን ሊነቅል ሮጠ፤ ዘገየ። መናኸሪያው ጸጥ አለ።

ጥሩዬ ልጇን አላየችውም። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ ጮኸች፦

“ምን ትገተራላችሁ! ብርድ ገደላት እኮ! አንዳችሁ ተቀበሉልኝ እንጂ፣ እኔ አልችልም፤ የልጄ ልጅ ናት!”

እማማ ይታገሱ ሰው እየገፉ መጡ።

“በሉ እንግዲህ፣ ወንድ ልጁ ይቅርብኝ” አሉና ተቀበሏት።

ጥሩዬ እስካሁን ሰለሞንን አላናገረችውም። ዓለምነሽን አንድ ነገር ብላታለች፦ ጡትሽን ስጫት፣ ራባት። ዓለምነሽ ሰለሞንን እሺም እንቢም አላለችውም፤ ሻይ ቀድታ ፊቱ አስቀምጣለች፣ እንደማንኛውም ደንበኛ። ጾመ ነቢያት ደርሷል፤ ሠርግ ቢኖር እንኳ ቶሎ ቢባል ከጥምቀት በኋላ ነው። ዘሐራ ከድንኳኑ ጥግ ሆና ጠቀሰችኝ።

ስወጣ በሩ ላይ ወ/ሮ አስካለ አስቆመችኝ። መስቀሉን ተሳለመች፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። መጋዘኑ ተከፈተ።

እርማት። ጥቅምት ፳፫ ቀን በዚህ ደብተር “አባት፦ አልተገኘም” ተብሎ የሰፈረው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከአፍ መታሰር የመነጨ በመሆኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ “ተገኝቷል፤ መርሳ፣ መኪና ሥር” ተብሎ ይነበብ።