እገሌ የሚባልበት ቦታ

ውድ ጋሼ ይስሐቅ፣

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚደርስዎት አላውቅም፤ ግን ካልነገርኩዎት እንቅልፍ አይኖረኝም። ካረፉ ዛሬ ሰባ ሰባት ቀንዎ ነው። በስምዎ ዋሽቻለሁ።

ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው ቤት፣ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ያንን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲዎን እንዴት እንደሰለቸሁት ያውቃሉ። ፓሳዴና በታክሲ የሚያመላልሷቸው አሮጊት የሙዚቃ መምህርት የሙዚቃውን ኖታ ቅጂ ከሰጡዎት ወዲህ በእንጉርጉሮዎ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። "ሰውዬው ለሠርግ የሚሆን ነገር አልጻፈም እንዴ?" ስልዎት ይስቁና ስለዚያው ሰውዬ፣ ስለ ሄልዊግ ሕይወት ይጀምሩልኛል።

"ሣህሊ፣ የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ነው። መስፍኑ ሲሞት ሬኩየም ይጽፋል፤ የነሱ ፍትሐት በይው። ሦስት መስፍን ሸኘ። ሶ፣ የሱ ተራ ሲደርስ የሚዘምርለት ጠፋ። የቀብር መዝገቡ ላይ እንኳ ስሙን ሚስፔል አድርገው፣ አሳስተው ጽፈውታል።"

"እና እርስዎን ምን አገባዎት?" አልኩ። ኖታውን ይዘው ወደ ክፍልዎ ገቡ። አሁን ሳስበው ያስለቅሰኛል።

ያረፉ ዕለት ቄሱ "የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" አሉኝ። ክው አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ጨውና ሚጥሚጣ ስንዋዋስ አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። አገር ቤት ደውዬ የማጣራበት ዘመድም የለዎትም። ሰው ሁሉ እያየኝ አላውቅም ማለቱ አሳፈረኝ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው የሚካኤል ሥዕል ላይ አረፈና "ወልደ ሚካኤል" አልኩ። ፍትሐቱም፣ አርባዎም በዚያው ስም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል ያንጎራጉራሉ። ጠዋት ለሥራ ስለባብስ እሰማዎታለሁ። ያው የጀርመንዎ ዜማ ነው፤ ከፍ እያለ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ይላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ፈራሁ፣ ጋሼ። እርስዎን መፍራቴ ደግሞ የባሰ አሳዘነኝ።

ትናንት ገብቼ ኖታውን ገለጥኩት። ማንበብ አልችልም፤ ግን ሄልዊግ የሟቹ ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተው እንደነበር እርስዎ ነግረውኝ ነበር፤ "እኛ እገሌ እንደምንለው" ብለው። መጨረሻ ባለው ክፍት ቦታ ላይ፣ በእርሳስ፣ በእጅዎ ጽሑፍ "ኪዳነ ማርያም" ይላል። ዜማው ቁርጥ የሚልብዎት እዚያ ስሙ ጋ ሲደርሱ ነው መሰለኝ።

ዛሬ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ነገርኳቸው።

"አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?" አልኳቸው።

መዝገባቸውን ገለጡ። እስክሪብቶ አወጡና "በይ ንገሪኝ" አሉ። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሲጽፉም አጠገባቸው ቆሜ ፊደል በፊደል አየሁ። ቅዳሜ ሰማንያዎ በስምዎ ይጸለያል።

ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ቢያንጎራጉሩ አልፈራም፤ ብቻ ያንን ቦታ አልፈው ይሂዱ።

እርስዎም የእኔን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። እዚህ አገር የሚያውቅልኝ አንድም ሰው የለም፤ አደራ፣ እርስዎ ይያዙልኝ።

ሣህሊቱ፣
የክርስትና ስሜ ወለተ ኪሮስ።