ድምፅ ሰብሳቢዋ መምህርት ሀብትነሽ የኔሰው (1947–2018 ዓ.ም.)

መምህርት ሀብትነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ የኔሰው ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሬ ዋሴ ግንቦት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በብቸና ከተማ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን እዚያው ብቸና ተከታተሉ። በመምህርነት ሠልጥነውም በ1967 ዓ.ም. ሞጣ ተመደቡ፤ አርባ ዓመት ታሪክ አስተማሩ። በ1970 ዓ.ም. ከአቶ ያለው መንግሥቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምስራቅን፣ እዮብንና ስንዱን ወልደዋል።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ፣ የሞጣን ገበያ አጀማመር የሚያውቁትን አዛውንቱን አቶ ሣህለ ማርያምን ሊጠይቁ ቀጠሮ ይዘው ሳምንት አዘገዩት። ሲሄዱ የደረሱት ለቀብራቸው ነበር። ከለቅሶ ተመልሰው፣ «ነገ ስል ሰውየውን ከነታሪካቸው ቀበርኳቸው፤ ከእንግዲህ ነገ አልልም» አሉን።

በስድሳ ዓመታቸው ከምስራቅ ኮምፒውተር ተማሩ። በስልካቸው የአዛውንቶችን ድምፅ እየቀዱ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችን እየሰበሰቡ የብቸናንና የሞጣን ታሪክ የሚያወጡበት ድረ ገጽ ከፈቱ። አንድ የተከበሩ ሰው የባላንጣቸው ወገን ቃል ከድረ ገጹ እንዲነሣላቸው ቢጠይቁ፣ «የእርስዎን ልቅዳና ጎን ለጎን ይቀመጥ እንጂ የሳቸውን አልሰርዝም» ብለው መለሱ።

በ2015 ዓ.ም. በአካባቢው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው ያበቃ የመሰለን እኛ ነን። እሳቸው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። መንገድ በተከፈተ ቁጥር የቀዱበትን ሚሞሪ ካርድ መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ እዮብ ቤት ሆነው ድምፁን ድረ ገጹ ላይ ይጭኑ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ካርዱ ተበላሽቶ የአሥራ አንድ ሰዎች ድምፅ ጠፋ። አለቀሱ። በማግስቱ ተሳፍረው ተመለሱና ዘጠኙን እንደገና ቀዱ፤ ሁለቱ አርፈው ነበር። ለሁለቱም በስማቸው ገጽ ከፍተው «ቃላቸው በእኔ እጅ ጠፋ» ብለው ጻፉበት።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በኀዘን ቀርተዋል።

በድረ ገጹ ላይ የ143 ሰዎች ድምፅ ይሰማል። የሳቸውን ድምፅ ግን ማናችንም አልቀዳንም። ስለዚህ ከቀብር መልስ ምስራቅ በድንኳኑ ውስጥ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች፤ ስለ እሳቸው የምታስታውሱትን ሳትሄዱ ንገሯት።

የማንንም ስም የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶችና እናቶች ጋር ያሳርፍልን። አሜን።