ጆሮህ እኔ እንደነበርኩ ተናገርኩ

ውድ ባለቤቴ ወልዴ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደ ደብዳቤ ወግ «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ብዕሩን መለስኩት፤ አንተ ያለህበትን ማን አይቶት። ስለዚህ ስለ እኛ ልንገርህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ግን ወደ ቤቱና ወደ ከብቱ ወሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ በድዬሃለሁ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ባወራ ማድበስበስ ይሆንብኛል። አንተም ማድበስበስ አትወድም ነበር፣ ከአንዷ ጉዳያችን በቀር።

የቤቱ ሳር ወርዶ በቆርቆሮ ተከድኗል። የአንኮበርን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ አሁን ሲዘንብ እቤት ውስጥ ሰውና ሰው አይደማመጥም። አንተ ብትኖር በዚህ ቤት የማይቸገር ሰው አንተ ብቻ ትሆን ነበር። ይቅር በለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ልጃችን አስካለ አረርቲ ከተዳረች ወዲህ ደህና ናት፤ ሁለተኛ ልጇንም ወልዳለች። ወንድሟ ታደለ ደብረ ብርሃን ትምህርቱን ቀጥሏል። ቁመቱ የበሩን መቃን ሊደርስ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መግባት ጀምሯል። በርጩማህ ከነበረችበት አልተነሣችም። ሰው ሲቀመጥባት ቅር ይለኛል።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። አንተ የምታውቀውን መልሶ ላንተ መንገር ሞኝነት ነው፤ ነገር ግን ከመነሻው ካልያዝኩት ድፍረቱን አላገኝም።

የወረቀቱ ብር ከመጣ ወዲህ ጠገራውና ባለ አንበሳው ብር ከገበያ ወጡ። አንዳንዱ አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና ጉትቻ ሆነ፤ አንዳንዱ በየሣጥኑ ሥር ተቀበረ። ቆይቶ ደግሞ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን አሮጌ ብር የሚሰበስቡ ሰዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ እነሱ የሚፈልጉት ብርነቱን ሳይሆን መልኩንና ዕድሜውን ነበር። ያኔ ነው የአንተ ዓይን ዋጋ ያወጣው። ጠገራ ሲመጣልህ ላዩ ላይ የተቀረፀችውን ሴትዮ ዘውድ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ፣ በጌጡ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ፍሬ በፍሬ ታያለህ። ባለ አንበሳው ሲመጣ ቀድመህ የምታየው ጎፈሩን ነው። «መጀመሪያ የሚያልቀው ጎፈሩ ነው» ትል ነበር፤ የጎፈሩ ጠጉር ካልተፋቀ ብሩ ብዙ እጅ አላየም ማለት ነው። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ቀዳዳው የተደፈነውን በአውራ ጣትህ ዳብሰህ ታገኘዋለህ። አንዲት ምስኪን የእናቷን ጠገራ ላንተ አሳምራለሁ ብላ በአመድና በሎሚ ፈትጋ ያመጣች ቀን እንዴት ተቆጥተህ ነበር! «ቆዳውን ገፈሽ አመጣሽልኝ!» አልካት። ሰብሳቢ የተፈተገ ብር አይወድም፤ ያ እሷ እድፍ ያለችው ጥቁረት የብሩ ዕድሜ ነበር። ሴትዮዋ እያለቀሰች ስትሄድ ተጸጽተህ እስከ ገበያው ድረስ ተከትለሃታል።

ዓይንና እጅ ግን ይታለላሉ። መጨረሻ ላይ ብሩን ጣትህ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ ጠርዙን በሌላ ብር መታ ታደርገዋለህ። እውነተኛው ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ይቆያል፤ እርሳስ ያለበት ዱብ ብሎ ይቀራል። ፍርዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ያንን ድምፅ አትሰማም ነበር።

ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ቀድሞ የራቀህ ቀጭን ድምፅ ነው። የወንድ ንግግር፣ የበቅሎ ኮቴ፣ ነጎድጓድ ትሰማለህ፤ የወፍ ጫጫታና የብር ድምፅ ግን ቀስ በቀስ ጥለውህ ሄዱ። የነገርከኝ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ነበር። «ደንቆሮ ከምባል ሞት ይሻለኛል» አልክ። እውነትህን ነው፤ በአገራችን ጆሮው ለማይሰማና ነገር ለማይገባው ሰው ስሙ አንድ ነው። ከዚያ ቃል ልናመልጥ ዘዴ ፈጠርን። አንተ በርጩማህ ላይ ትቀመጣለህ፣ እኔ ከኋላህ ጥጥ እፈትላለሁ። ብሩ ሲመታ ጥሩ ከሆነ ጀርባህን በጉልበቴ ነካ አደርግሃለሁ፤ ካልሆነ እንዝርቴን ማሽከርከር ነው። ሰው «ወልዴ ሚስቱን ሲወድ፣ ከአጠገቡ አይለያትም እኮ» እያለ ያማን ነበር። ለልጆቹም ሕግ አወጣሁላቸው፤ አባትን ከኋላ መጥራት ነውር ነው፣ ፊቱ መጥታችሁ ተናገሩ አልኳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በልጆቻችን ጨዋነት ተገረመ።

አሁን ደግሞ እንድሪስ። ያ የአሊዩ አምባው ወዳጅህ፣ በርበሬና ጥጥ በአህያ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣው፣ ጾማችንን ከእኛ እኩል ቆጥሮ የሚያውቀው። እህቴ ወልዳ አራስ ልጠይቅ መዘዞ በሄድኩበት ሰሞን አንድ ባለ አንበሳ ብር ይዞልህ መጣ። የገዛው ገበያ ላይ ካገኘው መንገደኛ ነው። ሊገዙት ያሰቡት የደብረ ብርሃኑ ቀኛዝማች በዛብህ ነበሩ፤ አሮጌ ብር በከፋይ በተለበጠ ሣጥን የሚያስቀምጡት ሽማግሌ። «ወልዴ አይቶ ጥሩ ነው ካለ እወስደዋለሁ» ብለውታል። አንተም አየኸው፣ ዳበስከው፣ ጣትህ ላይ አድርገህ መታ አደረግከውና ጥሩ ነው አልክ። ስመለስ በደስታ ነገርከኝ፤ ጎፈሩ ትናንት የተቀረፀ ይመስላል አልከኝ። በምን ሰማኸው ብዬ አልጠየቅኩህም። ስትኮራ ማየት ናፍቆኝ ነበር።

ቀኛዝማች በደህና ወይፈን ዋጋ ገዙት። አንተ ካረፍክ በኋላ፣ ባለፈው በጋ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሣጥናቸውን ሲያይ ያንን ብር አንሥቶ ቢመታው ዱብ አለ። ላዩ ብር፣ ውስጡ እርሳስ። ቀኛዝማች አንተን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠሩህም። ወልዴ አይሳሳትም፤ እንግዲያው ወልዴ ያየው ብር ሌላ ነው፤ እንግዲያው እንድሪስ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ መንገድ ላይ ለውጦታል። ነገሩ ሲሰማ ቀጥ ያለ ነው። እንድሪስ የታሰረበት ገመድ ያንተ ጥሩ ስም ነበር።

ቀኛዝማች ከሰሱትና ሽማግሌዎች ከገበያችን ዳር ወይራው ሥር ለዳኝነት ተቀመጡ። ቢፈረድበት ገንዘቡን መክፈሉ ቀላል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከቆላ እስከ ደጋ ማንም ከእጁ አይገዛም። ነጋዴ ስሙ ከሞተ ምን ቀረው? በመጀመሪያው ቀን እኔንም ጠየቁኝ። «እኔ መዘዞ ነበርኩ» ብዬ ተቀመጥኩ። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ እንድሪስ ተነሣ። «ብሩን ወልዴ እንደሰጠኝ አደረስኩት፤ ወላሂ አልለወጥኩትም» አለ። አንደኛው ሽማግሌ «ታዲያ ወልዴ ተሳሳተ ነው የምትለው?» ሲሉት መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ወልዴ፣ ዞር አለማለቱ ነው ሁሉን የነገረኝ። እንድሪስ ያውቅ ነበር። ስንት ዘመን ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ብር ሲያሳይህ ጉልበቴን አይቷል። አንዲት ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር፤ ላንተ ሲል ዋጣት።

እኔ ልውጣት አልቻልኩም። ነጠላዬን አደግድጌ ተነሣሁ። ባሌ የብር ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል፣ የምሰማለት እኔ ነበርኩ፣ ያን ቀን ደግሞ አልነበርኩም አልኳቸው። ቀኛዝማች ብድግ ብለው «አንቺ፣ ለነጋዴ ብለሽ የባልሽን ስም ታጎድፊያለሽ?» አሉኝ። እንዲያምኑኝ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩና ብር ምቱ አልኩ። ለምስክር ካመጡት ሣጥናቸው እያወጡ፣ የሐሰቱንም በመሀል እየቀላቀሉ መቱ። ሳላይ ሙሉ ብሩን ሙሉ፣ ግማሽ ብሩን ግማሽ፣ ተበስቶ የተደፈነውን የተደፈነ፣ እርሳሱን እርሳስ አልኩ። አንዱንም አልሳትኩም።

ልቤ የሚከሰኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ መናገሬ ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ንጹሕ ሰው ማዳን ኃጢአት አይደለም ብለውኛል። ይህን ግን ለእሳቸውም አልነገርኩም፦ ሰው ሁሉ «እሰይ!» ሲል፣ ቀኛዝማች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሲቀሩ፣ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከኋላህ ጥጥ ስፈትል ማንም ልብ ያላለኝ ሴት፣ ያን ቀን በአንተ ውርደት ላይ ቆሜ ታየሁ። ወዲያው ከዳር አንዱ «ለካ ሰውየው ደንቆሮ ኖሯል» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ሞት ይሻለኛል ያልክበትን ቃል፣ ከሞትክ በኋላ እኔ ራሴ አስጠራሁብህ። ደስታዬ አፌ ውስጥ ሬት ሆነ።

እንድሪስ ነፃ ወጣ። ቀኛዝማችም «ወይፈን ገዝቼ ሞተብኝ እላለሁ» ብለው ገንዘቡን ተዉት። ወንድምህ ግን ሰላምታ ነሥቶኛል፤ «ሁለቴ ቀበርሽው» አለኝ። አሁን ሰው ብሩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እሰማላቸዋለሁ፤ ሲያመሰግኑኝ ግን ዓይናቸውን ማየት አልችልም።

ከሁሉ የፈራሁት ታደለን ነበር። ቀብርህ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ እንዳላፈሰሰ፣ ሰውም ልበ ደንዳና እንዳለው አልነገርኩህም። ወሬው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቅዳሜ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ በሩ ላይ እንደቆመ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ነው? የሕፃን ድምፅስ?» የሕፃንም አይሰማም ነበር አልኩት። ልጅህ እዚያው መድረኩ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ሆኖ ያንን ሕጌን እየረሳ ከኋላህ እየሮጠ «አባዬ» ብሎ ይጠራህ ነበር። አንተ ሳትዞር ትሄዳለህ። ብዙ ጊዜ። መጨረሻ ላይ መጥራቱን ተወው። አባቴ አይወደኝም ብሎ አደገ፤ ለእኔም አልነገረኝ፣ ለእህቱም አልነገራት። የቀብርህን ቀን ልቅሶ ያን ዕለት አለቀሰው።

በየትኛው እንደበደልኩህ አሁን አላውቅም፤ በመናገሬ ይሁን፣ አንተ በሕይወት ሳለህ ለልጆቹ እንኳ ባለመናገሬ። ስምህን ስጠብቅልህ ልጅህን አሳጣሁህ። ያንን የጨዋነት ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አላዘዝከኝም። ከቻልክ ይቅር በለኝ፤ ካልቻልክም ደግሞ እውነትህን ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አብረን መቃብርህ ድረስ ሄድን። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩለት። «አባዬ» ሲልህ ሰማሁት። ድምፁ እኮ ጎርናና ሆኗል ወልዴ፣ ይህንንስ ትሰማው ነበር።

አልረሳህም። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ የልጅ ልጆችህ አድገው ስለ አንተ ሲጠይቁኝ፣ ዓይኑ ይህን ያህል ያይ ነበር፣ እጁ ይህን ያህል ያውቅ ነበር፣ ጆሮው ግን አይሰማም ነበር እላቸዋለሁ። አያታችሁ ልጁ ሲጠራው ቢሰማ ኖሮ የሚዞር ሰው ነበር እላቸዋለሁ።

ባለቤትህ
አሰለፈች