አባዬ ያስተናገደው ምሳ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ከሰላምታው በፊት ቁጣዬ እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው የምጽፍልህ። እኛ ሁላችንም፣ ይመስገነው፣ ደህና ነን።

ለእህታችን ሰርግ ስንሄድ ምሳ ልንበላ መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ዞር ብሎም አላየን! አባዬ አርባ ዓመት በአስተናጋጅነት የኖረ ሰው ነውና ብድግ አለ፤ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ከጎናችን ያሉትን ሰዎች ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። እንደ ድሮው፣ ያለ ወረቀት። ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ተንከተከቱ። አንዱማ ይቀርጸዋል! ስልኩን ነጥቄ ሾርባው ውስጥ ከተትኩለት፤ እሰይ፣ ደግ አደረግሁ። እማዬ ደግሞ «ተይ ልጄ፣ መንገዱ አድክሞት ነው» ትለኛለች። የሁለት ሰዓት መንገድ?

ከዚያ እኛ ጋ መጣ። ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ «እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

ሆን ብዬ ዓሣ አዘዝኩ። በልጅነቴ ዓሣ በልቼ ፊቴ አብጦ ልሞት ስል፣ በጀርባው አዝሎኝ ሐኪም ቤት የሮጠው እሱ አይደል? ከዚያ ወዲህ ዓሣ ቤታችን ገብቶ ያውቃል?

«ጥሩ መርጠዋል» ብሎኝ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

አንተ ደግሞ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ለከርሞ እመጣለሁ» ብለሃል አሉ። ከርሞህን እዚያው ያዘው! ዘንድሮ ና።

እማዬ ሰላም ትልሃለች። የአባዬን ሰላምታ ግን ራስህ መጥተህ ተቀበል። በሩን ሲከፍትልህ ስምህን ቀድመህ ንገረው።

እህትህ