ወደ ግራ ስለ ዞረው አባትና ስለ ጥንቸሉ ራስ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የልጆች ፕሮግራም ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎና ጉልበትዎስ ደኅና ናቸው? እነዚህን ሁለቱን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት በሚያስተላልፉት «ዝለሉ፣ ዙሩ፣ አጨብጭቡ» በተባለው ጭፈራ ምክንያት የእኔዎቹ በሰላም ስላልሰነበቱ፣ የእርስዎ እንዲተርፉ ከልቤ እመኛለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ ምንም እንኳ ከጎረቤቶቼ ይልቅ እርስዎ ቢያውቁኝም። በፕሮግራሙ መክፈቻ ላይ የጥንቸል ልብስ ከለበሰው ጨፋሪያችሁ ጋር ተላትሞ በየሳምንቱ የሚወድቀው ባለ ቡናማ ሹራብ ሰውዬ እኔ ነኝ። በሙያዬ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ስሆን፣ ግራና ቀኝን ለሰው ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል።

እንግዳ ሲመጣ ከእናቷ ጀርባ የምትደበቀው የስድስት ዓመቷ ልጄ ለመድረክ ዝግጅታችሁ ስትመረጥ፣ አባቴ አብሮኝ ካልወጣ አልወጣም አለች። ስለዚህ የሳሎኑን ወንበሮች ወደ ጓዳ አስገብቼ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማርኩ። ጨፋሪዎቹ ፊታቸው ወደ እኔ ስለሆነ፣ እነሱ ወደ ቀኛቸው ሲዞሩ እኔ እነሱን እያየሁ ወደ ግራዬ ስዞር ከርሜያለሁ። ይህ የገባኝ ግን መድረክ ላይ፣ ከእነሱ ጎን ተሰልፌ፣ ሰልፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ብቻዬን ወደ ግራ ስዞር ነው። ጥንቸሉ በግራዬ ነበር። ራሱ ወልቆ ተንከባለለ፤ ከሥሩም የእኔ እኩያ የሆነ፣ ላብ ያጠመቀው ባለ ጢም ሰው ብቅ ሲል የፊት ረድፍ ሕፃናት በአንድ ድምፅ አለቀሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

አቤቱታዬ እንግዲህ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ አወዳደቄን ለመክፈቻ መርጠው፣ በዝግታና ከከበሮ ጋር ሦስት ጊዜ ደጋግመው ስለሚያሳዩልኝ አመሰግናለሁ። ሠልጣኞቼ ወደ ቀኝ ታጠፉ ስላቸው «በየትኛው ቀኝ?» ይሉኛል። ባለቤቴ አትስቅብኝም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። በአሥር ዓመት አንድ ቀን ደውለውልኝ የማያውቁት አማቴም አሁን በየቅዳሜው ደኅንነቴን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ «ለጥንቸሉ ደኅንነት ሲባል» ወላጆች ከእንግዲህ መድረክ እንዳይወጡ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ስለ እኔ ጉልበት አንድም መስመር ባይጻፍም አሳቢነትዎን አደንቃለሁ።

ሦስተኛው ላይ መቀለድ አቃተኝ። ልጄ መክፈቻው ሲጀምር ተነሥታ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ጭፈራውንም ትታዋለች። በእኔ አፍራ መስሎኝ ብጠይቃት፣ ሰው በአባቴ ላይ ሲስቅ አልወድም አለችኝ። በሚቀጥለው ወር ዝግጅት ላይ ስሟ አለ፤ ያለ እኔ ግን አትወጣም። ስለዚህ ያንን ምስል እንዲያነሡልን፣ እኔንም ከመጋረጃው በቀር የምገጨው በሌለበት ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ እንዲያቆሙኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ እንደጠፋ ወንበሮቹን አንሥቼ፣ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ብቻዬን ጀመርኩ፤ ቆይታ መጥታ ከጎኔ ቆመች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ወደ ቀኝ ዞርኩ። እሷ ወደ ግራ ዞረችና ግንባሯ ከሆዴ ጋር ተላተመ። ተሳሳትሽ ብላት፣ አልተሳሳትኩም፣ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው አለችኝ። አለቀስኩ፤ ጉልበቴን አሞኝ ነው ብዬ ዋሸኋት።

ከታላቅ አክብሮትና ከአንድ ያበጠ ጉልበት ጋር፣
ግራ የገባው አባት

ማስታወሻ፦ ልጄ በእረፍት ሰዓት የክፍሏን ልጆች ሰብስባ አዟዟር እያስተማረች እንደሆነ መምህርቷ ነግራኛለች። አሥራ አንዱ በእርስዎ የመድረክ ዝርዝር ውስጥ አሉ። እኔን መከልከል ይችላሉ፤ በዕለቱ ወደ ግራ የሚዞረው ግን አንድ ሰው ብቻ ስለማይሆን፣ የጥንቸሉን ራስ ጠበቅ አድርገው ቢያስሩት ይሻላል።