የሚሽከረከረው ጥቁር ጉድጓድና ግለሂሴ

ሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 1973

ዛሬም መጋዘን። የተሰበሩ ወንበሮች ስለይ ዋልኩ። የፊዚክስ መምህርት!

ጥፋቴ? ለአሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ጥቁር ጉድጓድ ማውራቴ። ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሞተ ኮከብ፣ የሚሽከረከር ከሆነ ጉልበት ሊወሰድበት ይችላል አልኩ። አፉ አጠገብ የደረሰ ነገር ለሁለት ሊከፈል ይችላል። አንዱ ይሰምጣል፤ ሌላው ከገባው የበለጠ ጉልበት ይዞ ይወጣል።

የትምህርት ቤታችን ካድሬ ጓድ ፈቀደ ሰማ። "ከጨለማ በርትቶ ወጣ? ትንሣኤ እየሰበክሽ ነው! የጴንጤ ልጅ መሆንሽን የማናውቅ መሰለሽ?"

የአባቴ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ባስነጥስም ስብከት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ዓርብ ሂስና ግለሂስ አለ። መምህራኑ ፊት ቆሜ "ተሳስቻለሁ" ካልኩ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ካላልኩ እባረራለሁ።

እማዬ፦ "አንቺ ልጅ፣ አንዲት ቃል ናት። በያትና ነይ።"

"ያልተሳሳትኩትን?"

"አባትሽም እንዲህ ብሎ ነው የታሰረው።"



ዓርብ፣ ግንቦት 7

"ጓዶች፣ ስህተት አለብኝ" አልኩ። ጓድ ፈቀደ ፈገግ አለ። "ስህተቴ በአፍ ብቻ ማስረዳቴ ነው።"

በር ላይ ያቆመውን የራሱን ብስክሌት ገለበጥኩና የፊት ጎማውን አሽከረከርኩት። ከደጅ ጭቃ አድቦልቡዬ ጣል አደረግሁበት። ግማሹ ጎማው ላይ ተለጠፈ። ግማሹ ከጣልኩት ይበልጥ ፈጥኖ ተፈናጠረ… የጓድ ፈቀደ ካኪ ላይ!

የባዮሎጂዋ ገበያነሽ፦ "አይዞህ ጓድ፣ ትንሣኤ አይደለም፣ ጭቃ ነው!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ አልሳቀም። ጎማውን ያያል። "ፍጥነቱ ቀነሰ" አለ።

"አዎ! የወጣው ያተረፈው ከጎማው መሽከርከር ነው። ጥቁር ጉድጓድ ጎማ አይደለም፤ ሂሳቡ ግን ያው ነው። የወጣው ያገኘውን ያህል ጉድጓዱ ያጣል። ተአምር የለም።"

"ተሳስቻለሁ" አላልኩም። ውሳኔው ሰኞ ይነገርሻል አሉኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

"ተመለሺ" አሉኝ። ክፍሌ ገባሁ! ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። ዝም በሉ ማለት አቃተኝ።

ጓድ ፈቀደ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሊሰልለኝ? እጁን አወጣ።

"መምህር…" ጓድ አላለኝም። "ሁልጊዜ ከተወሰደበት፣ የጉድጓዱ መጨረሻ ምንድን ነው?"

"መሽከርከሩን ያቆማል። ጥቁርነቱ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከመሽከርከሩ የሚወሰድ ጉልበት የለም።"

ልጆቹ ጻፉ። እሱም ጻፈ። ለሪፖርት ይሁን ለራሱ፣ እንጃ። በወንበሮቹ መሃል ሳልፍ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

በትክክል ነው የጻፈው።