የቀሚሱ የውስጥ ኪስ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ቻለው? የግራ ክንድሽስ ብርድ ሲሆን ማበጡን ተወልሽ? እኛ ደህና ነን። ልጄ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው፤ በግትርነት ግን አንቺንም አልፋሻለች። ባለቤቴም ሰላም ይልሻል፤ ሰላምታውን የላከው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ተኳርፈናል።

የተኳረፍንበትን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ጡቴን በቀዶ ጥገና ላስነሳ ነው። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። ልጄን ካጠባሁ ወዲህ ወርደው ቀርተዋል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ሙሽሮችን ሳለብስ ከጎናቸው ራሴን አያለሁ። የሰው ደረት በስፖንጅና በሽቦ ቀጥ አድርጌ ሳቆም እውላለሁ፣ ቤቴ ገብቼ የራሴን ጡት መያዣ ስፈታ ግን መብራት አጠፋለሁ። ባለቤቴ ያልታመመ ገላ ምላጭ ምን ይሠራለታል፣ እኔ መች አማረርኩ አለኝ። አንተ ባታማርርም እኔ አማርሬያለሁ፣ ገላው የማን ሆነና አልኩት። ከዚያ ወዲህ እራት የምንበላው ተራ በተራ ነው።

ምላጭ ሳይነካኝ የሚሆን ነገር ካለ ብዬ መጀመሪያ የሄድኩት የውበት ሳሎን ነበር። እዚያ ያለችው ልጅ ቅባት አለ፣ ቆዳን በሙቀት የሚሰበስብ ማሽን አለ፣ ከቆዳ ሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚጎትት ክር አለ አለችኝ። ክር ስትል ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን በክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከባድ ጨርቅ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ቀጥዬ የጠየቅሁት ስፖርት የሚያሠራ ሰውዬ ይሻላል። ከጡት ሥር ያለው ጡንቻ ይጠነክርልሻል፣ የተለጠጠው ቆዳ ግን በስፖርት አይመለስም ብሎ እውነቱን ነገረኝ።

ስለዚህ ወደ አንዲት የቀዶ ጥገና ሐኪም ሄድኩ። ደረቴ ላይ በእስክሪብቶ እያሰመረች፣ የጡቱን ጫፍ ዙሪያውን ቀድዳ፣ ከዚያ ቁልቁል ቀድዳ፣ ትርፉን ቆዳ አውጥታ፣ ጫፉን ወደ ላይ አንስታ እንደምትሰፋው አሳየችኝ። የሰፋ ቀሚስ ማጥበብ ማለት ነው፣ ወዲያው ገባኝ። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም፣ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፣ ሌላ ልጅ ካማረሽም ማጥባቱ ሊከብድሽ ይችላል አለችኝ። ዕድሜና ክብደት መልሰው ሊያወርዱት እንደሚችሉም አልደበቀችኝም። ማሽኑና ክሩስ ስላት፣ እነሱ ጥቂት ለወረደ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያንቺን የሚያነሳው ስፌት ብቻ ነው አለች። ሁሉንም እሺ አልኩና ለሐሙስ ተቀጠርኩ።

ልነሳ ስል አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በቤተሰባችሁ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ? እናትሽ? አክስትሽ? የመጣውን ሁሉ የምትጠይቀው ነገር ነው። የለም ልላት ነበር።

እማዬ፣ አሮጌው ሰማያዊ ቀሚስሽ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ልብስ ስሰፋልሽ አንድም ቀን ሜትር ደረትሽ ላይ አሳርፌ አላውቅም። አሮጌውን አይተሽ ቅደጂው ብለሽ ትልኪልኛለሽ። እኔም ፈትቼ እዘረጋዋለሁ። የግራ እጅጌው ከቀኙ ይሰፋል፤ በግራ ደረቱ በኩል ደግሞ ገበሩ ላይ በእጅ የተሰፋ ኪስ አለ። የበፊቷ ልብስ ሰፊ እጇ ጠማማ ነበር እያልኩ ሁለቱን ጎን እኩል አደርጋቸዋለሁ። ኪሱንም የሳንቲም መስሎኝ በአዲሱ ላይ አልሰፋውም። አንቺም አበላሸሽብኝ ብለሽኝ አታውቂም። ባለፈው መጥቼ ልብስሽን ሳጣጥፍ ግን የሰፋሁልሽ ቀሚሶች ሁሉ ገበራቸው ተፈትቶ፣ ያ ኪስ በራስሽ መርፌ ተመልሶ ገብቶበት አየሁ። አንዱ ውስጥ ጥጥ የሞላባት ክብ ትራስ ነበረች። መርፌ መሰኪያ መስላኝ ለስፌት ቤት ልወስዳት ስል ከእጄ መንትፈሽ ወሰድሽብኝ። ስስታም ብዬሽ ሳቅሁ፣ አንቺም ሳቅሽ።

ደግሞ ልጅ ሳለሁ፣ ክንዴን ልታከም ብለሽ ሄደሽ ክረምቱን ሙሉ የጠፋሽበት ጊዜ አለ። ከስተሽ፣ ፀጉርሽ ሳስቶ ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት ልብስ ቀይረሽ አታውቂም። እናቴ ዓይን አፋር ናት እያልኩ አደግሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ።

ሐኪሟን እናቴን ጠይቄ ልምጣ አልኳት። እሷም መልሱን ሳላውቅ ምላጭ አላነሳም፣ የታመመ ሰው ካለ አስቀድሜ በደንብ ልመረምርሽ ይገባል አለችኝ። ባለቤቴ ፈርታ ነው እያለ ይስቃል። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ምላጩን ግን አይደለም። ሰሞኑን ለልጄ የመጀመሪያ ጡት መያዣዋን ሰፋሁላት። ነገ እሷም ሐኪም ፊት ተቀምጣ እናትሽ፣ አያትሽ ተብላ ትጠየቃለች። ምን ብላ ትመልስ?

አውቃለሁ፣ ዝም አይነቅዝም ትያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባልም አለ። ልወቅስሽ አይደለም። ብቻ ያን ክረምት ማን አጠገብሽ ነበር፣ ውሃ እንኳ ማን አቀበለሽ እያልኩ ስሰፋም ሳበስልም እንባዬ ይመጣል።

ስለዚህ አፍሽን አላስጨንቀውም። በዚህ ጥቅል ውስጥ አዲስ ቀሚስ አለ። የግራ እጅጌውን አስፍቼዋለሁ። ገበሩ ላይ በግራ በኩል ኪስ አለው፤ ጨርቁ ለስላሳ ጥጥ ነው፣ ስፌቱም ቆዳሽን እንዳይፍቅሽ ወደ ውጭ አዙሬዋለሁ። ካላስፈለገሽ ፍቺውና ይቺ ልጅ ሥራዋን ረሳችው ብለሽ ሳቂብኝ። ከተመቸሽ ግን ምንም ማብራራት የለብሽም። ቀሚሱ ልኬ ነው ብለሽ ብቻ ላኪልኝ፤ ከሐሙስ በፊት።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ብቻሽን የቻልሽውን ሁሉ በእጥፍ ደስታ ይካስሽ። የልጅ ልጅሽንም ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

ልክሽን ወስዳ የማታውቀው ልብስ ሰፊ ልጅሽ